የሦስት ቀኑ በረራ

ልጄ ትሺአሞ፣

ዋሽተኸኛል። ሰላምታው ይቆይ። «ከፐርዝ እስከ ቤታችን ካንዬ ሦስት ቀን ያስኬዳል፤ የእረፍት ጊዜዬ አይበቃም» ብለኸኝ ነበር። እኔም አምኜህ፣ የእህትህን ልጅ ሌሴጎን ለጋብቻ ሊጠይቁ የመጡትን ሽማግሌዎች፣ «አጎቷ በሌለበት ቃል አንሰጥም፤ መንገዱ ሩቅ ነው» ብዬ ሁለት ጊዜ መለስኳቸው።

ቅዳሜ የጎረቤታችን ልጅ ቦኖሎ ካንተ ከተማ መጣች። እናትህ ምሳ ስታቀርብላት፣ «ስንት ቀን ፈጀብሽ?» አልኳት።

«ትናንት ማታ ነው የተነሳሁት፣ አባባ። እስከ ጆሃንስበርግ የዐሥራ አንድ ሰዓት በረራ ነው፤ ከዚያ በመኪና መጣሁ።»

«ትሺአሞ ሦስት ቀን ነው ይላል።»

«በአህያ ጋሪ ነው እንዴ የሚመጣው?» ብላ ሳቀች።

እናትህ ጭልፋውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ከብት አሰማርቼ እስክመልስ ይደረስ ኖሯል!

ዝናቡ ዘግይቷል፤ ላሞቹ ደህና ናቸው። ሽማግሌዎቹ በወሩ መጨረሻ ይመለሳሉ፤ አሁንስ ቃል እሰጣቸዋለሁ። የአጎቷን ወንበር ግን ለሌላ ሰው አልሰጥም። ከቀረህ ባዶውን ሁሉም ያየዋል።

ና ልጄ። አምላክ መንገድህን ያቅናልህ። ስትደርስ ወንበርህ ላይ ተቀመጥ፤ ይህን ነገር ዳግመኛ ከአፌ አትሰማውም።