ሥሩ ካለ ይመለሳል፦ የወ/ሮ ሀይማኖት ወልደየስ የሕይወት ታሪክ

ወ/ሮ ሀይማኖት ከአባታቸው ከአቶ ወልደየስ በየነና ከእናታቸው ከወ/ሮ ዘነቡ ተክሌ በ1955 ዓ.ም. በመንዝ ሞላሌ ተወለዱ። እስከ ስድስተኛ ክፍል እዚያው ተማሩ። በ1975 ዓ.ም. ከነጋዴው ከአቶ ኃይለልዑል ሸዋዬ ጋር ትዳር መሥርተው ወደ ጅግጅጋ መጡ። የድንበሯ ከተማ ሐርተሼክ በስደተኛ በተሞላችበት ዘመን እዚያ ምግብ ቤት ከፍተው ሠርተዋል። ሴት ልጃቸውን መልአክንና ወንድ ልጃቸውን ይሁንንም ወልደው አሳደጉ። ባለቤታቸው በ1999 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ በጅግጅጋ የቅመማ ቅመም ሱቃቸውን ብቻቸውን ያዙ። በአማርኛም ሆነ በሶማልኛ፣ ዋጋ ተከራክሮ የረታቸው ሰው አይታወቅም።

በሐምሌ 2010 ዓ.ም. በከተማው ሁከት ሲነሳ ያ ሱቅ ተቃጠለ። እሳቸውና ይሁን የተረፉት ጎረቤታቸው ወ/ሮ ዐናብ ሦስት ቀን ቤታቸው ስለ ደበቋቸው ነው። ነፍስ ተረፈ፤ ሱቁ ግን ተመልሶ አልቆመም።

ይሁን እናቱን ለመደገፍ በጅቡቲ ድንበር ካለችው ከአይሻ ከተማ አጠገብ በአንድ የመንገድ ሥራ ካምፕ ወጥ ቤት ተቀጠረ። በጥር 2011 ዓ.ም. ለዕረፍት ሲመጣ፣ ቻይናዊው አብሳይ የሰጠውን አንድ እፍኝ የአገሩን ሽንኩርት ሥር በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ አመጣላቸው። ቅጠሉ እንደ ቄጠማ ጠፍጣፋ፣ ሽታው የነጭ ሽንኩርት ነበር። ወ/ሮ ሀይማኖት ጓሮ ተከሉት፣ ከፍየል በእሾህ አጠሩት፣ በጋሪ ከሚገዙት ውሃ ምስር ያጠቡበትን አጠጡት። ከመሬት ሁለት ጣት ከፍ አድርገው ሲቆርጡት በሦስት ሳምንት መልሶ ያድጋል። እሳቸው ሽሯቸው ላይ ከተፉት፤ ወ/ሮ ዐናብም ተካፍለው ተክለው ለረመዳን ሳምቡሳቸው ውስጥ ጨመሩት። ሰፈሩ «የይሁን ሽንኩርት» አለው።

በመስከረም 2012 ዓ.ም. የካምፑ ሥራ አለቀ። ይሁን ለእናቱ ሳይነግር፣ ባሕር ተሻግሮ ሊሰደድ በአይሻ በኩል ወጣ። ከጅቡቲ ዳርቻ ደውሎ ጀልባው በማግስቱ እንደሚነሳ ከነገራቸው በኋላ፣ «እማ፣ ሽንኩርቱ አበበ ወይ?» አላቸው።

«እንቡጥ ይዟል፤ ስትመጣ ታየዋለህ» አሉት።

በጥቅምት ነጭ አበባው ሲፈነዳ ሊነግሩት ደወሉ። ስልኩ አልሠራም። እስከ ዛሬም አልሠራም።

ዘመድ ሁሉ ልቅሶ እንዲቀመጡለት ለመናቸው። ሬሳውን ላላየሁት ልጅ ድንኳን አላስተክልም ብለው እምቢ አሉ። በየዓመቱ አበባውን በብርጭቆ ውሃ አድርገው ከፎቶው አጠገብ ያኖሩ ነበር። ዳር ላይ ያለውን አንዱን ሥር ግን ቢላ አያስነኩትም፤ ልጁ ሲመጣ ከነአበባው ቆሞ ሊያየው ይገባል።

በ2014 ዓ.ም. ፋሲካ፣ ይህን የሚጽፈው ታናሽ ወንድማቸው ጥላዬ ከቱሊ ጉሌድ መጥቶ፣ ቤት ላሳምር ብሎ ከጓሮ «ቄጠማ» አጭዶ ሳሎኑን ጎዘጎዘ። ዳር ያለውንም አላስቀረም። ቤቱ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ሸተተ፤ እንግዳውም ወጡ ገና አልበሰለም እንዴ እያለ ተሳለቀ። ወ/ሮ ሀይማኖት ይሁን ከሄደ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንባ እስኪያወጡ ሳቁ። ወንድማቸው መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ ጊዜ፣ «ተወው፤ ሥሩ ካለ ይመለሳል» አሉት። ስለ ሽንኩርቱ ብቻ እንዳልተናገሩ ገብቶታል።

በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. በኩላሊት ሕመም ሆስፒታል ገቡ። ቤቱን ለሚጠብቀው ለጥላዬ የሰጡት አደራ አንድ ብቻ ነበር፤ የይሁንን ሽንኩርት ውሃ እንዳይነሳው። እሺ አለ። ከዚያ በሆስፒታልና በመድኃኒት ቤት መካከል ሲባዝን ረሳው። በየቀኑ አጠጣኸው ወይ ሲሉት አዎን ይል ነበር። ወ/ሮ ሀይማኖት ይህን አምነው ማክሰኞ፣ የካቲት 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ንጋት ላይ በተወለዱ በ62 ዓመታቸው አረፉ።

የእድሩ ሰዎች ድንኳን የት እንትከል ሲሉ ጥላዬ ጓሮውን አሳየ። የደረቀ ሣር ነው የመሰለው። እነሱም በአካፋ ነቅለው ከቆሻሻው ጋር አቃጠሉት። ወ/ሮ ዐናብ ለልቅሶ ሲገቡ የተነቀለውን አይተው ደጁ ላይ ቆሙ።

«ጥላዬ፣ ይሄ እኮ ሣር አልነበረም፤ የይሁን ነው» አሉ።

ወ/ሮ ዐናብ ተካፍለው የተከሉትንም ድርቁ ከወሰደው ቆይቷል። ጥላዬ ድንኳኑ ሥር ገብቶ መሬቱን በእጁ ቆፈረ። አንድም ሥር አላገኘም።

ወ/ሮ ሀይማኖት ሴት ልጃቸውን መልአክን፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውንና አንድ ወንድማቸውን ትተው አልፈዋል። መልአክ የወንድሟ ስም እዚህ ዝርዝር ውስጥ እንዳይገባ ጠይቃለች፤ ከአምስት ዓመት በላይ ተጠብቋል ብላለች። እውነቷን ነው፤ ጥላዬም እንደማይመለስ ያውቃል። ነገር ግን አንድ ጊዜ ነቅሏል፤ ደግሞ የሚነቅልበት እጅ የለውም። ስለዚህ ወንድ ልጃቸው ይሁን ኃይለልዑል በሕይወት ካሉት ተርታ ተጽፏል።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ውሃ በማይታጣበት መስክ ያሳርፍልን። አሜን።