የፐርሰንት ምልክት

ለውድ እታለሜ፤ ከሄድሽ ወዲህ ጤናሽን ሳላስብ የዋልኩበት ቀን የለም። እኛ ደህና ነን።

ባለቤቴ የመመረቂያ ጽሑፉን ሊጨርስ ነው። የስታቲስቲክሱ ኮድና ላቴክ በሚሉት የጽሕፈት ፕሮግራም የተጻፈው ጽሑፍ አንድ ፋይል ውስጥ ስለሆኑ አንዱ ሲታመም ሌላውም ይተኛል። እስካሁን ሐኪማቸው እኔ ነበርኩ። ሰሞኑን ግን ኮዱ ካወጣው ቁጥር ቀጥሎ ያለው ጽሑፍ እየጠፋ አስቸገረን። ሦስት ቀን ስበረብር ከርሜ፣ እሱ ቢሮ አዲስ የገባችው ልጅ ቤት መጣችና ወንበሬ ላይ ጉብ ብላ፣ «የፐርሰንት ምልክቱ ነው። ፊቱ ዘመም ያለች ሰረዝ ካላደረግሽለት እስከ መስመሩ መጨረሻ ያለውን ይውጠዋል» አለች። አምስት ደቂቃ አልፈጀባትም። እሱም «እጅሽ ይባረክ!» ብሎ ሳቀ። እንዲህ ሲስቅ ከሰማሁት ቆይቻለሁ።

ጎበዝ ናት፤ አልዋሽም። ሽቶዋ ብቻ ወንበሬን አልለቅ አለ።

ትናንት የምስጋናውን ገጽ አየሁት። የኔዋ «ላልተለየችኝ ባለቤቴ» ብላ አልቃለች። ለልጅቷ ግን «ለምክሯና ለማይጠገብ ጨዋታዋ» ይላል። ከመስመሯ ፊት አንዲት የፐርሰንት ምልክት አስገባሁ። ፋይሉ ምንም ሳያጉረመርም ታተመ።

እሱ ገና አላየም። ሲያይ እንድታስተካክልለት ማንን እንደሚጠራ እየጠበቅሁ ነው።

በይ ደህና ቆዪኝ፤ ሲመችሽ ድምፅሽን አሰሚኝ።

ታናሽሽ