ታጥቦ ስላልተመለሰው የእድራችን ፍላሽ

ይድረስ ለክቡር አቶ ሀብተሚካኤል
የጥዱ ሥር ነዋሪዎች የመረዳጃ እድር ሊቀመንበር
አቃቂ በሰቃ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የባለቤትዎን፣ የልጆችዎንና ክረምት በገባ ቁጥር የሚያስቸግርዎትን የግራ ጉልበትዎን ጤና በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ሳሎንዎ ውስጥ ዳንቴል ለብሶ የተቀመጠው ኮምፒውተርስ እንደምን ከርሟል? ይህን የምጠይቀው ለወግ ያህል አይደለም፤ በዚህ ሁለት ወር ውስጥ በሰፈራችን ኮምፒውተር ያለው ሰው ሁሉ መንገድ ላይ ሲገናኝ የሚጠያየቀው ይህንኑ ስለሆነ ነው። እኛ በበኩላችን እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን፤ ላፕቶፓችን ብቻ ነው ያረፈው።

እኔ እንደሚያውቁኝ የሺሐረግ ነኝ፤ በክር ፋብሪካ ሃያ ስምንት ዓመት ጥራት ተቆጣጣሪ ሆኜ ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ፣ በእድሩ መዝገብ ተራ ቁጥር አርባ አንድ ላይ የምገኝ አባልዎ። ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይና በቴሌግራም ቡድናችን ውስጥ በግልጽ የማወጣው፣ እግዜር ያውቃል፣ ክብርዎን ለመንካት አይደለም። ልጄ ሥርጉት ዘጠኝ ቀን ተመላልሳ እርስዎን ዳግም ለማግኘት ስላልታደለች፣ ምናልባት ጽሑፍ ይቀናው እንደሆነ ብዬ ነው።

ነገሩን ለማያውቁ አባላት ባጭሩ ላስረዳ። ሥርጉት የዩኒቨርሲቲ መመረቂያ ጽሑፏን የምትሠራው በአቃቂ ወንዝ ውሃ አትክልት ስለሚያለሙ ሰዎች ነው። ስድስት ወር ሙሉ ስድሳ ሁለት አትክልተኞችን ማሳቸው ድረስ እየሄደች ጠይቃ፣ የሰጧትን መልስ አንድ በአንድ ላፕቶፕ ላይ አስገብታ፣ መቶ አሥር ገጽ ጽፋ ነበር። የእድሩ ፍላሽ ቤታችን ገብቶ ባደረ ማግስት ይህ ሁሉ ጠፋ። የትምህርት ክፍሏ አዝኖላት ሦስት ሳምንት ሊጨምርላት ተስማምቷል። የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጥፋቱ የእሷ አለመሆኑን የሚገልጽ፣ የእድሩ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ እስከ ዓርብ ድረስ እንድታቀርብ። ዓርብ ካለፈ ምርቃቷ ለከርሞ ይተላለፋል።

እንግዲህ ምስጋናዎቼንና ቅሬታዎቼን፣ አንዳንዴም የቱ የትኛው እንደሆነ ሳልለይ፣ በቁጥር አስቀምጬ አቀርባለሁ።

1ኛ. እድራችንን ዘመናዊ ለማድረግ ስለደከሙት ድካም ከልብ አመሰግናለሁ። የአባላትን ቤተሰብ ዝርዝር ከመዝገብ ወደ ኮምፒውተር ለማዛወር አንድ ፍላሽ አስገዝተው፣ እያንዳንዱ ቤት አንድ አንድ ቀን እያሳደረ የራሱን ሞልቶ ለሚቀጥለው ቤት እንዲያስረክብ፣ ልክ እንደ ማኅበር ጽዋ በተራ እንዲዞር ማዘዝዎ እኩልነትን የሚያሰፍን ሐሳብ ነበር። በዚህ ዘዴ አንዱ ቤት የገባ ቫይረስ ሌላው ቤት ሳይደርስ አልቀረም፤ ማንም አባል ተለይቶ ተበደልኩ ሊል አይችልም። ኮምፒውተር የሌላቸው ደግሞ ፎቶ ኮፒ ቤት ወስደው እንዲያስሞሉ በመፍቀድዎ፣ በአቃቂ የሚገኝ ቫይረስ ሁሉ መመዝገቢያ እንኳ ሳይጠየቅ የእድራችን አባል ሆኗል።

ክቡር ሊቀመንበር፣ ደንባችንን ከእርስዎ የበለጠ በቃሉ የሚያውቅ የለም። የእድሩን ድስት ሳያጥብ የመለሰ ይቀጣል፤ ድንኳኑን ሳያደርቅ የጠቀለለ ይቀጣል። ባለፈው ዓመት እኔው ራሴ በአንድ ትልቅ ድስት ቂጥ ላይ ጥላሸት ተገኝቶብኝ በጉባኤ ፊት ቆሜ ተወቅሻለሁ፤ ወቀሳውም ተገቢ ነበር። ታዲያ ድስት ከቤት ወደ ቤት ሲያልፍ ታጥቦ ይለፍ ያልን ሰዎች፣ መቶ አርባ ቤት የሚገባ ፍላሽ እንደቆሸሸ ይለፍ ማለታችን እስካሁን አልገባኝም። ፍላሽ ለማጠብ ውሃ አያስፈልግም። ተሰክቶ ከመከፈቱ በፊት በጸረ ቫይረስ መፈተሽ ነው፤ አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

2ኛ. ባለፈው መስከረም፣ ዊንዶውስ ራሱን ሲያድስ ዳታ ስለሚበላ አባላት ሁሉ እንዲያጠፉት የሚል ማሳሰቢያ ማውጣትዎን በአድናቆት አስታውሳለሁ። ምክርዎን ሰምተን አጠፋን። ስለዚህ ላፕቶፓችን ከመስከረም ጀምሮ አንድም የደኅንነት ማሻሻያ ሳይቀምስ፣ በጾም እንደተዳከመ በሽታው ላይ ደረሰ። የእድራችን ጸሐፊ አቶ ኦልጅራ በበጎ ፈቃድ የጫኑልን ጸረ ቫይረስ ደግሞ ክራክ የተደረገ፣ ቁልፉ ተሰብሮ በነጻ የሚታደል ነበር፤ እሱ እንዲጫን መጀመሪያ ዊንዶውስ ይዞት የሚመጣውን ጥበቃ መዝጋት አስፈልጓል። አዲስ ዘበኛ ለመቅጠር ነባሩን ዘበኛ ጓዳ ቆልፎ እንደማስቀመጥ ነው። አዲሱ ዘበኛ ምን ሲጠብቅ እንደነበረ እስከ ዛሬ አላወቅንም።

3ኛ. የእድሩ ኢሜይልና ቴሌግራም የይለፍ ቃል በወርኃዊ ጉባኤ በድምፅ ማጉያ መነበቡን በተመለከተ፣ ምስጢር ያለበት እድር እድር አይደለም ብለው የተናገሩት ቃል አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። የይለፍ ቃሉ እድሩ የተመሠረተበት ዓመተ ምሕረት መሆኑ፣ ያም ዓመት በድንኳኑ ላይ፣ በድስቶቹ ላይና በሰማንያ አራት ወንበሮች ጀርባ ላይ በቀይ ቀለም መጻፉ ለዘንጊ አባላት ትልቅ እርዳታ ነው። የረሳ ሰው ለቅሶ ቤት ሲሄድ ከፊቱ የተቀመጠውን ወንበር አይቶ ያስታውሳል። ከሳሪስ ለለቅሶ የመጣ እንግዳም እንዲሁ። በጥር ወር በእርስዎ ስም ስልክ ተሸልማችኋልና ይህን ተጫኑ የሚል መልእክት ለአባላት ሁሉ ሲደርስ፣ ሠላሳ ያህል ሰው ሊቀመንበራችን ካሉማ ብሎ ተጭኗል። እንዲህ የሚታመን መሪ ማግኘት መታደል ነው።

4ኛ. አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። ፍላሹ ቤታችን ባደረ ማግስት ጠዋት፣ የሥርጉት ፎልደሮች ሁሉ ቀስት የተሳለባቸው ሾርትከት ሆነው አልከፈት አሉ። ልጅቷ ምንም ሳትነካ ማቆየት ፈልጋ ነበር። ጎረቤታችን ገዳ ቂሊንጦ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ ነው፤ ከሥራ ሲወጣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ያየዋል ብላ ነበር። እርስዎ ግን በዚያው ጠዋት ፍላሹን ወደሚቀጥለው ቤት ለማሳለፍ ከአቶ ኦልጅራ ጋር ደረሱ። ሁኔታውን ከበር ቆመው ተመለከቱና፣ ለዚህማ መድኃኒቱ ፎርማት ነው፣ ፎርማት ይደረግ ብለው ወሰኑ። ሥርጉት እየለመነች ነበር። የሽማግሌ ቃል ነው ብዬ ዝም ያሰኘኋት እኔ ነኝ።

አቶ ኦልጅራ በአርባ ደቂቃ ውስጥ ሁሉንም ጠራርገው አዲስ ዊንዶውስ ጫኑ። ሥርጉት የሥራዋን ቅጂ ያስቀመጠችበት የራሷ ፍላሽም እዚያው ላፕቶፑ ላይ ተሰክቶ ስለነበር፣ ለጥንቃቄ ብለው እሱንም ፎርማት አደረጉት። ገዳ ሲመጣ ፊቱ ተለዋወጠ። ፋይሎቹ ጨርሶ አልጠፉም ነበር፤ ቫይረሱ የደበቃቸው ብቻ ነበሩ፤ ገልጦ ለማውጣት አሥር ደቂቃ ይበቃ ነበር። አዲሱ ዊንዶውስ በላያቸው ላይ ከተጻፈ በኋላ ቆፍሮ ያገኘው ሃያ ሦስት ገጽ ነው፤ እሱም አብዛኛው የዋቢ መጻሕፍት ዝርዝር ነው። ቫይረሱ ያላጠፋውን እኛ በገዛ እጃችን አጠፋነው ማለት ነው። ሥርጉት አላለቀሰችም፤ የቻርጀሩን ገመድ ስትጠቀልልና ስትፈታ አመሸች። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ለፍትሕ ሲባል የእኛም ጥፋት ይመዝገብልን። ሁለት ቅጂ አለኝ ብላ ሁለቱንም አንድ ላፕቶፕ ላይ አኑራ ነበር። አንዱን ኢሜይሏ ውስጥ ወይም አክስቷ ቤት ብታስቀምጠው ኖሮ ዛሬ እርስዎን አላስቸግርም ነበር። እኔም ሃያ ስምንት ዓመት የክር ናሙና ሳስቀምጥ የኖርኩ ሰው ይህን ሳልነግራት መቅረቴ ያሳፍረኛል።

5ኛ. በማግስቱ ኮሚቴው ተሰብስቦ ቤታችን መጥቶ እግዜር ያጥናችሁ ማለቱን መቼም አንረሳም። ላፕቶፕ በደንቡ የቤተሰብ አባል ስላልሆነ ድንኳን አይተከልለትም ብለው የቀለዱት ቀልድ ጥሩ ነበር፤ በዚያ ሐዘን ውስጥ ሆነን እንኳ ስቀናል። በኋላ ደብዳቤውን ስንጠይቅ ግን ጨዋታው ተለወጠ። የእድሩ ፍላሽ ታሟል ብሎ መጻፍ የእድሩን ስም ያጎድፋል፣ ለማንኛውም በኮሚቴ ይታይ አሉን። ኮሚቴው የሚሰበሰበው ዓርብ ካለፈ በኋላ በሁለተኛው እሑድ ነው። ላፕቶፑ በራሱ ጊዜ አርጅቶ ነው የተበላሸው የሚል ደብዳቤ ከሆነ ግን ዛሬውኑ አትምላችኋለሁ ማለትዎን ሰምቼ በቸርነትዎ ተገርሜአለሁ። ልጄ በውሸት ደብዳቤ አልመረቅም አለች። ከማን እንደወረሰችው አላውቅም፤ እኔ እንኳ በዚያች ሰዓት እሺ ልል ምንም አልቀረኝም ነበር።

6ኛ. ፍላሹ ዛሬም አልታጠበም። ወይዘሮ ጠጄ ቤት አድሯል።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ የሚከብድ ነገር አልጠይቅም። ፍላሹ መዞሩን ያቁምና እኛ አባላት በወረቀት ሞልተን እናምጣ፤ አንድ በአግባቡ የታደሰ ኮምፒውተር ላይ አንድ ሰው ይጻፈው፤ ገዳ በነጻ እረዳለሁ ብሏል። የይለፍ ቃሉ ረዘም ያለ፣ ወንበር ላይ ያልተጻፈ ይሁን፤ ሦስት ሰው ቢያውቀው ይበቃል። የአባላት ዊንዶውስ ይታደስ፤ ዳታው ቢበዛ ከአንድ ሳምንት የቴሌግራም ቪዲዮ አይበልጥም። ፎርማት የሚለውን ቃል ማንም ከመናገሩ በፊት ባለቤቱን ቅጂ አለህ ወይ፣ አለሽ ወይ ብሎ ይጠይቅ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ያችን እውነተኛ ደብዳቤ እስከ ዓርብ ያትሙልን። ስድሳ ሁለቱ አትክልተኞች የመለሱባቸው ወረቀቶች በካርቶን ውስጥ በደህና አሉ፤ ሥርጉት እንደገና ለማስገባት እጅጌዋን ሰብስባ የምትጠብቀው ያን ሦስት ሳምንት ብቻ ነው።

ለጉልበትዎ ብርታትን፣ ለኮምፒውተርዎ ረጅም ዕድሜን፣ ለማኅተምዎ ደግሞ ትንሽ ድፍረትን እየተመኘሁ፣ በወርኃዊ ጉባኤ ቀርታ፣ በለቅሶ ቤት አርፍዳ፣ ካለፈው ዓመት ወዲህም ድስት ሳታጥብ መልሳ የማታውቅ ታዛዥ አባልዎ መሆኔን በትሕትና አረጋግጣለሁ።

የሺሐረግ ሳህሌ
ተራ ቁጥር አርባ አንድ

ግልባጭ፦
ለእድሩ ጸሐፊ ለአቶ ኦልጅራ፣ በወረቀት፤ በፍላሽ ያልሆነ

ማስታወሻ፦ ፍላሹ ውስጥ ከአባላት ዝርዝር አጠገብ የእድሩ ማኅተምና የእርስዎ ፊርማ በስካነር ተነሥተው ተቀምጠዋል፤ ለአቶ ኦልጅራ ሥራ እንዲቀልላቸው ብለው እርስዎ እንዳስቀመጧቸው ሰምቻለሁ። ስለዚህ ፍላሹ ያደረባቸው ሃምሳ ስምንት ቤቶችና በመንገዱ ላይ ያሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች ሁሉ ዛሬ ማኅተምዎ በእጃቸው ነው። ሥርጉት ዝርዝራችንን የሞላች ዕለት አይታዋለች፤ ወይዘሮ ጠጄ ቤት ሄዳ ገልብጣው የምትፈልገውን ደብዳቤ ራሷ ብታትም ሩብ ሰዓት አይፈጅባትም። ማኅተሙ በእርስዎ እጅ ካልተመታ አልፈልግም ብላ እስከ ዓርብ እየጠበቀችዎ ነው። ለእሷ እኔ ዋስ ነኝ፤ ለቀሩት ሃምሳ ሰባት ቤቶች ግን ዋስ መሆን አልችልም።