የተመላሽ ሠራተኛ ወንበር

«በውጭ አገር የተመደበ ሠራተኛ ሲመለስ ወደ ቀድሞ የሥራ መደቡ የሚመለሰው መደቡ ክፍት ሆኖ ከተገኘ ብቻ ነው።» የመሥሪያ ቤታችን መመሪያ አንቀጽ አሥራ አራት፣ ቃል በቃል። ባለማኅተሙ ወዳጄ፣ ያረቀቅኸው አንተ ነህ፤ የላክህልኝም እዚህ ውጭ አገር ተመድቤ ከመጣሁ ከአራት ወር በኋላ ነው።

ትናንት ጠዋት እዚህ ፋብሪካ፣ ሁለት ዓመት ሌላ አገር የሠራ የጥገና ኃላፊ ተመለሰ። ስሙ ከቢሮው በር ላይ አልተነሳም ነበር። ቦታውን ሲጠብቅለት የቆየው ምክትሉ ብድግ ብሎ ቁልፉን ሰጠውና «ና ተረከበኝ፣ ወንበርህን ስጠብቅ ወገቤ ተቆረጠ!» አለው። ተመላሹም «ሥራ ሳትሠራ ምን ቆረጠው?» ሲል ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። የእኔ ምክትል በወጣሁ በሳምንቱ የቢሮዬን መጋረጃ እንደቀየረ ሰምቻለሁ።

«ካገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ» የሚለውን ተረት አንቀጽ አድርገህ አጸደቅኸው። ተረቱ እንኳ «እስኪመለስ» ይላል፤ አንተ ከተመለስኩም በኋላ ልትጭነኝ ነው። እመራው የነበረውን የጥራት ላቦራቶሪ ከባዶ ክፍል ያቋቋምኩት እኔ ነኝ፤ ከእኔ የተሻለ የሚያውቀው የለም፣ አንተም ታውቃለህ። አንቀጹ ይስተካከላል፤ ከእኔ በኋላ ለሚላኩትም ጭምር።

የፖስታ ካርዱ ቦታ አለቀ። ባለቤትህን፣ እህቴን፣ ሰላም በልልኝ፤ ጉልበቷ ተሻላት? ልጆቹን ሳምልኝ። አንተም ናፍቀኸኛል። ሆኖም መደቤ እንደሚጠበቅልኝ የሚገልጽ፣ ፊርማህ ያለበት ደብዳቤ እስከ ግንቦት 30 እጄ ይግባ፤ በስልክ «እናየዋለን» ብትለኝ አልቀበልም።