ጥርስህን አውልቀህ የተሳልከው ሥዕል

ታዴዬ፣ የቤቴ ጌታ፣

ከተለየኸኝ ስምንት ወር ሆነኝ። እንዴት ከረምክ ብዬ አልጠይቅህም፤ መልስ እንደማትሰጠኝ አውቃለሁ። ደግሞም ብዕር ያነሳሁት ልቆጣህ ብዬ ነበር። ቁጣው አሁን አልፎልኛል፣ ግን ከመጀመሪያው ልንገርህ።

እኔ ደህና ነኝ። ዌስተን ሰፈር ያለው አፓርትመንታችን ሊፍት በመጨረሻ ተሠራ፤ ያ ሁሉ ስድብህ ሰሚ አገኘ መሰለኝ። ልጃችን ሳባ በየእሑዱ ትመጣለች። እኔ በአማርኛ አወራታለሁ፣ እሷ በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች፣ እንግባባለን። አልጋው ላይ ግን አሁንም ከዳር ነው የምተኛው፤ ያንተን ቦታ አልነካሁትም።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። ፊት ለፊታችን ያለችው ናይጄሪያዊት ሠዓሊ ንኬቺ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤቷ አስቀምጣ ትስልህ የነበረችው፣ ባለፈው ወር በሬን አንኳኳች። የወጣት ናይጄሪያውያን ሠዓሊዎች ኤግዚቢሽን ሊከፈት ነው፣ የጋሼ ሥዕልም ይሰቀላል አለችኝ። ደስ አለኝ። ሱፍህን ለብሰህ፣ ከረባትህን እኔው አስሬልህ አይደል ልትሳል ትሄድ የነበረው? ከዚያ ስልኳን አውጥታ ፎቶውን አሳየችኝ። ኧረ የሰው ያለህ! ሱፉ አለ፣ ከረባቱ አለ፣ ጥርስ የለም! አፍህን እስከ ጆሮህ ከፍተህ በድድህ ትስቃለህ፤ ሰው ሠራሽ ጥርስህ አጠገብህ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ተቀምጧል። እኔን እንኳ ስታወልቀው ዞር በይ የምትለኝ ሰውዬ!

ልጅቷን ለመንኳት። እባክሽ ጥርሱን ሳዪበት፣ ቀለም ነው፣ ምን ይጎድልብሻል አልኳት። ማማ፣ አንድ ጊዜ ይምጡና ይዩት፤ አይተውት ይውረድ ካሉኝ በገዛ እጄ አወርደዋለሁ አለችኝ። ለእሷ የመጀመሪያ ኤግዚቢሽኗ ነው፣ ዋናው ሥራዋም አንተ ነህ። ቢሆንም አልራራሁም። ባሌ ሞቶ መሳቂያ አይሆንም አልኩ።

ቅዳሜ ከሳባ ጋር ሄድኩ። ጋለሪው ሪጀንት ፓርክ የሚባለው ሰፈር ነው፣ ከከተማው ባቡር፣ ከስትሪትካሩ እንደወረዱ። መንገዱን ሁሉ እንዴት ብዬ እንደማስወርደው ሳጠና ነበር። ጥቁሬን ለብሼ ስገባ ቀለሙ ዓይኔን ያዘው። ታዴ፣ እነዚህ ልጆች ቀለም አይሰስቱም! አንዱ የሌጎስን ቢጫ ሚኒባሶች ግድግዳ ሙሉ ስሏቸዋል፣ ወያላው በሩ ላይ ተንጠልጥሎ፤ ቁርጥ የኛን። አንዷ ለሠርግ ሻሽ የምታስር ሴትዮ ሥላለች፤ ሻሹ ከሴትዮዋ ይበልጣል። እናቶቻቸው በሚያብረቀርቅ ልብስ መጥተው ሥዕሉ ፊት ጮክ ብለው ይከራከራሉ፣ ሙዚቃ አለ፣ የሚበላ አለ። እኔ ኤግዚቢሽን ማለት እጅን ወደ ኋላ አጣምሮ ዝም ብሎ መዞር ይመስለኝ ነበር።

አንተን ጥግ ላይ አገኘሁህ፤ ሰው ከቦሃል። አንድ ባለ ቆብ ናይጄሪያዊ ሽማግሌ እያየህ እንባው እስኪወርድ ይስቃል። ዞር ብሎ ይሄን ሰው ታውቂዋለሽ ወይ አለኝ። ይቅር በለኝ ታዴ፣ አላውቀውም አልኩት። ሳባ ማሚ! ብላ ጮኸችብኝ። እኔም በሐፍረት ከሽማግሌው ፈቀቅ አልኩ።

ንኬቺ ሰምታለች። አልተቀየመችም፤ እጄን ይዛ ሥዕሉን ስትስል የሆነውን ነገረችኝ። ለካ ፊትህ እንደ ፓስፖርት ፎቶ ደርቆ አስቸግሯታል። እስኪ ስለ ሚስትዎ ያውሩኝ ትልሃለች። አንተም የጨዉን ታሪክ ትነግራታለህ! እዚህ አገር እንደመጣን፣ በመጀመሪያው ዊንተር፣ አንድ ሰውዬ መንገዱ እንዳያንሸራትት በረዶው ላይ ጨው ሲበትን አይቼ በእግዜር በረከት ትቀልዳለህ ወይ ብዬ በአማርኛ የተቆጣሁትን፣ ከዚያም ከመሬት በነጠላዬ ጫፍ አፍሼ ለወጥ ብዬ ቤት ያመጣሁትን። ለማንም አልናገርም ብለህ ምለህልኝ አልነበር፣ አንተ ቀጣፊ? ይሄን ስትነግራት ከሣቅህ ብዛት ጥርስህ ከአፍህ ዘሎ ወጣ። ብሩሿን ልታስቀምጥ ስትል፣ ብርጭቆ አምጪልኝና ቀጥይ፣ ስለ እሷ ሳወራ እንዲህ ነኝ አልካት።

እንደገና አየሁህ። በኔ ነው የምትስቀው! ስምንት ወር ሙሉ የናፈቀኝ ይሄው ፊትህ ነው። እዚያው ቆሜ ሣቄ አመለጠኝ፤ ወደ ልቅሶ ዞረ፣ ተመልሶ ደግሞ ሣቅ ሆነ። ሽማግሌውን ፈልጌ ባሌ ነው አልኩት። ከዚያ በኋላማ ማን ያቁመኝ፣ የጨዉን ነገር በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ለሁሉም ራሴ ነገርኳቸው። ሳባ ሰምታው አታውቅም ነበርና ግድግዳ ተደግፋ ሳቀች። የንኬቺ ስም ሲጠራና ሰዉ ሲያጨበጭብ እልልታዬን ለቀቅኩት። የናይጄሪያ እናቶችም በራሳቸው እልልታ ተቀበሉኝ።

ንኬቺ ማማ፣ ላውርደው ወይ ብላ መጣች። ማን ነክቶት! አልኳት። አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

ለሙት ዓመትህ የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ የሚቆመውን ፎቶ መርጬ ነበር፤ አፍህን ገጥመህ የተነሳኸውን። ትቼዋለሁ። ንኬቺ የሥዕሉን ፎቶ በትልቁ አሳትሜ እሰጥዎታለሁ ብላኛለች። ሰው ያውራ፣ ቄሱም ይዩት። እኔ ወዳለህበት እስክመጣ ድረስ የማስብህ በዚህ ፊትህ ነው። ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚስቀው ለሚለኝ ሁሉ፣ እኔ ነኝ ያሳቅሁት እላለሁ።

ያንተው አልማዝ