መሙያው በግራ በኩል ነው

«መሙያው በተሳሳተ ጎን፣ ፊቱም ተገልብጦ ስላገኘነው አስተካክለነዋል። ክፍያ የለውም።»

ትርሲቴ፣ ከተለየሽኝ ዓመት ሊሞላ ነው። የመጀመሪያ ደብዳቤዬን በባዕድ ሰው ቃል መጀመሬን ታገሽኝ። ሳን ሆዜ ያለ አንድ የሰዓት ጥገና ቤት ከሰዓቴ ጋር አያይዞ የሰጠኝ ወረቀት ነው፤ ከእንግሊዝኛው ሳልጨምር ሳልቀንስ መለስኩልሽ። መስታወቱ ስለተሰነጠቀ እንዲቀይሩልኝ ነበር የሰጠኋቸው። መስታወቱን ቀየሩና ያንቺን ሥራ አፍርሰው መለሱልኝ።

ይህን ወደ እንግሊዝኛ መልሼ ለጥገና ቤቱም እልከዋለሁና ነገሩን ከሥሩ ልናገር። እኔ ግራኝ ነኝ፤ ሰዓት የማስረው በቀኝ እጄ ነው። የሰዓት መሙያ ግን፣ ያቺ በሁለት ጣት የምትሽከረከር ትንሽ ቁልፍ፣ ለቀኝ እጅ ሰዎች ተብላ በስተቀኝ ነው የምትቀመጠው። እኔ ሳስራት ወደ ክርኔ ትዞራለች። ስለዚህ በየጠዋቱ ሰዓቴን አውልቄ፣ ሞልቼ፣ መልሼ አስር ነበር። ዓመታት ዝም ብለሽ አየሽኝ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ ግን መኪናው ውስጥ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ሁልጊዜ ሰዓቱን ከምታወልቅ አንድ ጊዜ እጅህን አውልቀህ ብትገላገል ምናለ?» ብለሽ ሳቅሽብኝ።

የዚያኑ ዕለት ኦክላንድ ቤታችን፣ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ፣ ሳን ሊያንድሮ በሥራ ቦታሽ ሰው ሠራሽ ጥርስ የምትቀርጪበትን አጉሊ መነጽርና ወረንጦ ዘረጋሽ። ሰዓቱን አናቱ ወደ ታች እንዲመጣ አዞርሽው፤ መሙያው ወደ ግራ መጣ። የማሰሪያውን ሁለት ክፍል አቀያየርሽ። የሮማ ቁጥሮቹ ዙሪያውን እግራቸውን ወደ መሃል አድርገው የቆሙ ስለሆኑ እንዲያ ዞረውም ይነበባሉ፤ ችግሩ አሥራ ሁለት ታች ወርዶ ስድስት አናት ላይ መውጣቱ ነበር። እኔ እንደ ልማዴ ፊቱ ተነቅሎ ይቃና ብዬ ተከራከርኩ። አንቺ ትክ ብለሽ አየሽውና፣ «ምኑ ነው የሚቃናው? ቀትር ላይ ስድስት ሰዓት አይደል የምንለው? ይኸው ስድስት አናት ላይ!» አልሽ። የሰዓቱንና የደቂቃውን ቆጣሪዎች ነቅለሽ፣ ሁለቱንም ወደ ስድስቱ ሽቅብ አቁመሽ ተከልሻቸው። በግራ እጅ የሚሞላ፣ የኛን ሰዓት የሚቆጥር የእጅ ሰዓት! በዚህ አገር ሌላ ካለ ያሳዩኝ።

በልጅነቴ መምህሮቼ እጄን ለዕቃው ሊያስማሙ ገርፈውኛል። ዕቃውን ለእጄ ያስማማሽ አንቺ ነሽ። ይህን ነው እንግዲህ «የተሳሳተ» ያሉት።

ሄጄ ስጠይቅ ባንኮኒው ላይ የቆመው ሰው፣ «ጌታዬ፣ በስድስት ሰዓት ስቶ ነበር እኮ» አለኝ። «በስድስት ሰዓት የሳትከው አንተ ነህ!» አልኩት። አንቺ ብትኖሪ ኮቴን ይዘሽ ታስወጪኝ ነበር። አልነበርሽምና ብዙ ተናገርኩ።

የቤቱን ወሬ ደግሞ ልንገርሽ። ሳሎኑን ነጭ አስቀባሁት፤ ቀቢው ጥግ ጥጉን ስላበላሸው እንደገና አስደገምኩት። የጓሮው ሎሚ አጥሩን አልፎ ጎረቤት ገብቷል፤ እነሱም ደስ ብሏቸዋል። ልጃችን ሶስና ሥራዋ እዚያው ሬድውድ ሲቲ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ጋ ትመጣለች። አሁንም በአማርኛ ሳወራት በእንግሊዝኛ ነው የምትመልሰው። የኛን ሰዓት ለማወቅም እንደ ድሮው በጣቷ ስድስት ትቀንሳለች።

ባለፈው ቅዳሜ ያን ወረቀት አነበበች። ከዚያ ያንቺን ወረንጦና አጉሊ መነጽር ከመሳቢያው አወጣች። ከጎኗ ቆሜ «ቀስ በይ፣ እንደዚያ አይያዝም» እያልኩ ስጨቀጭቃት፣ «ዳዲ፣ ፕሊስ፣ ቁጭ በል» አለችኝ። ድምፁ ያንቺው ነው። ቁጭ አልኩ። ቀፎውን አዞረች፣ ማሰሪያውን አቀያየረች፣ ቆጣሪዎቹን ነቀለች። መልሳ ልትተክላቸው ስትል ቀና አለችና፣ «ሁለቱም ስድስት ላይ፣ አይደል?» አለች። ራሴን ነቀነቅሁላት።

በግራ እጄ ሞልቼ ሰዓቱን አስተካከልኩት፤ ሄደ። ስንት ሰዓት ሆነ ብዬ ፈተንኳት። ሰዓቱን አየት አድርጋ፣ ጣቷን ሳትቆጥር፣ «አሥር ከሩብ» አለች። ትርሲቴ፣ ዲግሪዋን ስትቀበል እንኳ እንዲህ አልኮራሁም። በሷም፣ ባንቺም።

ስለዚህ ከጥገና ቤቱ የምፈልገው ጥገና አይደለም። ሰዓቱ አንቺ እንዳደረግሽው ሆኗል። በየጠዋቱ ስሞላው አስብሻለሁ፤ እኔ ሳልፍ ደግሞ ሶስና ትሞላዋለች። ያንቺን ሥራ ግን ማንም ስሕተት ነው ብሎ ጽፎ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ አያልፍም። «የተሳሳተ» የምትለዋን ቃል ማንሳታቸውን እስከ ሙት ዓመትሽ፣ እስከ ኅዳር ሚካኤል፣ በነሱ አቆጣጠር እስከ ኖቬምበር ሃያ አንድ፣ በጽሑፍ እንዲያረጋግጡ ጠይቄያለሁ። መልሱም ለእኔ አይጻፍ። «ለወይዘሮ ትርሲት» ተብሎ ይጻፍ።