ዱላ የማይገባበት ቤት

ይታይሽ፣ የቤቴ ብርሃን፣

ጤናሽን አልጠይቅሽም፤ በሽታ ከማይደርስበት አገር ነሽና። እኔ እንደምታውቂኝ ነኝ። ወገቤ ጠዋት ጠዋት ያመኛል፣ ፀሐይ ሲያገኝ ይሻለዋል፤ አፌ ግን እስካሁን አንድም ቀን አላመመኝም። ከተለያየን ስምንተኛ ወራችን ነው። አንቺን የቀበርን ጊዜ ጤፉ ገና ከማሳው አልተነሣም ነበር፤ አሁን ከጮቄ ተራራ በኩል ደመናው እየከበደ ክረምቱ ሊገባ ነው። ሰው ሁሉ "ጊዜ ያስረሳሃል" ይለኛል። እኔም፣ ማን አስረሱኝ አላችሁ እላቸዋለሁ።

ከመኝታችን በላይ ያፈስ የነበረውን ቆርቆሮ ደፈንኩት። አንቺ እየነገርሽኝ ስንት ክረምት አሳለፍኩ፤ የሚነግረኝ ሲጠፋ በአንድ ጠዋት ሠራሁት። ነጠላሽ ከተሰቀለበት አልወረደም። ቀይዋ ዶሮሽ ጫጩቶቿን አስከትላ ግቢውን ታምሰዋለች። መጋዝና መላጊያዬን አልጣልኩም፤ ቀን ቀን የምውለው ግን አንቺ ትውይበት ከነበረው፣ ከልጆችሽ ዘንድ ነው። ጠላ ቤት ያሉት ወዳጆቼ "ሞግዚቱ" የሚል ስም አውጥተውልኛል። ይበሉኝ። አንድ ቀን ቢውሉበት ኖሮ ስሙን እንደ ደጃዝማችነት ቆመው ይጠሩት ነበር።

እንዴት እንደጀመርሽው አንቺው ታውቂዋለሽ፤ እኔ ግን ደጋግሜ ካልተናገርኩት ደስ አይለኝም። የገበያ ቀን ነበር። ከሮብ ገበያም ከይጁቤም የመጡ እናቶች ገብሱን በጀርባ፣ ልጁን በእጅ ይዘው ይጋፋሉ። የተጫነች በቅሎ ደንብራ አንዱን ሕፃን ረገጠችው። አንቺ ከአቧራው አንሥተሽ ወደ ቤት ይዘሽው ገባሽ፤ አጥበሽ፣ አብልተሽ፣ እናቱ እህሏን ሸጣ እስክትጨርስ በጭንሽ አስተኛሽው። በሚቀጥለው ገበያ ከበራችን ቆመሽ ያለፈችውን እናት ሁሉ "ልጅሽን እዚህ አስቀምጪው፣ ስትመለሺ ትወስጂዋለሽ" ትያት ጀመር። ሳቁብሽ። ልጁን ለማያውቀው ሰው ጥሎ የሚሄድ ማን አለ? መጀመሪያ ያመነችሽ ከድጃ፣ የጨርቅ ነጋዴው ሚስት፣ ሆነች። ልጇን ሰዓዳን ገና በዳዴ ስትሄድ አምጥታ ሰጠችሽ። ከዚያ በኋላ ክርስቲያኑም እስላሙም ተከተለ፤ በገበያ ቀን ብቻ የነበረው የሳምንት ሙሉ ሥራ ሆነ። ከሆድሽ ልጅ ባይወጣም የሰፈሩ ልጅ ሁሉ "እታለም" እያለ ይጠራሽ ነበር።

ሕግ የምትወጂው ነገር! ውኃው ሳይፈላ አይጠጣም። ሥጋ ወደ ግቢው አይገባም፤ ቆሎና ዳቦ ከሆነ ሁሉም ልጅ ከአንድ ገበታ ይበላልና። ከሕጎችሽ ሁሉ አገር ያስደነቀው ግን የዱላው ነበር። የእኛ አገር ወንድ ኮፍያውን ቢረሳ ዱላውን አይረሳም። አንቺ ደግሞ "ዱላ ያየ ልጅ አይጫወትም" አልሽና ከበሩ በስተውጭ ረጅም ጣውላ አስቸከልሽኝ፤ መስቀያ ኩላብ በኩላብ አደረግሁልሽ። ልጁን ሊወስድ የመጣ አባት ሁሉ ዱላውን እዚያ ሰቅሎ ባዶ እጁን ይገባል። መጀመሪያ አጉረመረሙ፣ ኋላ ለመዱት። ይባስ ብሎ የሰፈሩ ሰው በመንገድ ሲያልፍ ጣውላውን እያየ "የእገሌ ዱላ አለ፣ ውስጥ ነው" ይል ጀመር። የተሰቀለ ዱላ ካለ ባለቤቱ ውስጥ ነው ማለት ነው።

በመጨረሻ እግርሽ ሲከዳሽ ከወይራ ቀጭን ዱላ ጠርቤ ሰጠሁሽ። እሱንም ከበሩ ሰቀልሽው። አንቺ እኮ አባወራ አይደለሽም፣ ይዘሽው ግቢ ብልሽ ተቆጣሽኝ፤ ሕግ ላወጣው ሰው ካልሠራ ለማንም አይሠራም አልሽኝ። ከዚያ ልጆቹ ይመጡልሽና በትከሻቸው ላይ እጅሽን ጭነሽ፣ ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው እየተሻገርሽ ትገቢያለሽ። ያን ሳይ ከበር ቆሜ ዓይኔን እጠርግ ነበር። ነግሬሽ አላውቅም።

ከትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ማስታወቂያ የመጣው ያኔ አልጋ ላይ ሳለሽ ነው። ሕፃናት የሚሰበስብ ቤት ሁሉ እንዲመረመር፣ ፈቃድ ያላገኘ የትምህርት ዘመኑ ሲያልቅ እንዲዘጋ የሚል። እኔ መንግሥት ምን አገባው ብዬ ስጮህ አንቺ ግን ደስ አለሽ። የሚመረምር ካለ ነገ እኛ ባንኖርም ልጆቹን የሚያይ ዓይን አለ ማለት ነው አልሽ። ከዚያም እጄን ይዘሽ፣ ፈቃዱን ሳታወጣ ወደኔ እንዳትመጣብኝ አልሽኝ። ስንት ሰው ለሚስቱ ስንት ነገር ይማላል፤ እኔ ይህንን ማልኩልሽ።

ኢንስፔክተሯ በዐቢይ ጾም መጣች። ወጣት ናት፤ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የዓባይን በረሃ ተሻግራ፣ ደጀን አድራ ነው የደረሰችው። የመምጣቷ ወሬ ቀድሞ ደርሶ ስለነበር የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ አለቃ ወርቁ ዝግጅቱን በእጃቸው አደረጉት። አለቃን ታውቂያቸዋለሽ፤ ክፉ ሰው አይደሉም፣ የልጅ ልጃቸውም ከእኛው ዘንድ ነው የሚውለው። ነገር ግን እንግዳ መጣ ከተባለ ጳጳስ የመጣ ነው የሚመስላቸው። ልጆቹ ጸጉራቸውን ቅቤ ተቀቡ፣ የክት ልብሳቸውን ለበሱ፣ በአግዳሚው ላይ እጃቸውን አጣጥፈው ተደረደሩ። በታላቅ ፊት የሚያወራ ልጅ አሳዳጊ የበደለው ነው ተብሎ ተነገራቸው። የጨርቅ ኳሱ፣ የጭቃ ከብቶቹ፣ የሠራሁላቸው የእንጨት መኪና ሁሉ ቆሻሻ ነው ተብሎ ጓዳ ተቆለፈበት። ሽማግሌዎቹም እንግዳዋን ሊቀበሉ ከነዱላቸው ገብተው በግድግዳው ዙሪያ ቆሙ። እንዲህ ያለ ትልቅ ሰው በእንግዳ ፊት ዱላህን ስቀል ይባላል እንዴ? እኔ ግን ስቀሉ አልኩ። አለቃም "አንተ እንጨትህን ላግ" አሉኝ።

እንግዳዋ ገብታ ከሰዓዳ ፊት በርከክ አለችና ስሟን ጠየቀቻት። ያቺ ተኝታ እንኳ የምታወራ ልጅ አፏን በሁለት እጇ አፈነች። ቀጥላ የአለቃን የልጅ ልጅ ጠየቀችው፤ እሱ አያቱን አየና አቀረቀረ። በምን እንደሚጫወቱ ጠየቀች፤ የሚመልስ የለም። ረዳትሽ ስመኝ ላብ በላብ ሆነች። ሽማግሌዎቹ ግን በልጆቹ ጨዋነት ኮርተው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

ስትወጣ እውነቱን ነገረችን። ቤቱ ንጹሕ ነው፣ ልጆቹ ግን ይፈራሉ፤ ልጅ ለሚፈራበት ቤት ፈቃድ አልሰጥም አለች። ሌላም አለች፦ መስኮቱ ለልጅ ከፍ ብሏል፣ በአንድ ጣሳ ሁሉም መጠጣቱ በሽታ ያመጣል፣ የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ለሕፃን ሰፊ ነው፣ ቤቱን የሚመራውም ሰው መሠልጠን አለበት። ሌሎቹን አውራጃዎች ዞራ ከመመለሷ በፊት ብቅ እንደምትል፣ ቀኑን ግን እንደማትናገር ነግራን ሄደች። እኔ ልቆጣት ነበር የተነሣሁት። ስሰማት ግን ከአፏ የሚወጣው ያንቺው ቃል ሆነብኝ፣ ቁጣዬም ወደ ሌላ ዞረ።

አለቃ ተቀይመዋል። ጨዋ ልጅ ብናሳያት ፈሪ አለችብን፣ የከተማ ልጅ ምን ታውቃለች እያሉ አገሩን ሞሉት። እኔም በሰንበቴ ቀን ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ተነሣሁ። አንቺ ብትኖሪ ቀስ በል ትይኝ ነበር፤ ስላልነበርሽ ቀስ አላልኩም። ሴቲቱ የመጣችው የእኛን ጨዋነት ልታይ አይደለም፣ የልጆቹን ኑሮ ልታይ ነው አልኳቸው። እንግዳ መጣ ብለን የይታይሽን ሕግ ባንሽር ኖሮ ልጆቹ በተናገሩ ነበር አልኩ። ዱላዬንም ከመካከላቸው መሬት ላይ አስቀመጥኩና ከዛሬ ጀምሮ ከበሩ ሳይሰቅል የሚገባ ሰው ቢኖር በእኔ ላይ ተሻግሮ ይግባ አልኩ። አለቃ በዚህ ዕድሜዬ ከዘራዬን ለሕፃናት ልጣል ወይ አሉ። ለእነሱ ካልጣሉ ለማን ይጥላሉ አልኳቸው። ድግሱን ሳይጨርሱ ተነሥተው ሄዱ።

ከዚያ ሥራ ሆነ። ይታይሽ፣ እንደዚያ ሠርቼ አላውቅም። መስኮቱን ቆርጬ ዝቅ አደረግሁት፤ አሁን ትንሿም ልጅ ቆማ መንገዱን ታያለች። ለሽንት ቤቱ ትንንሽ መቀመጫ ሠራሁ። ከድጃ ከገበያ የቆርቆሮ ኩባያ አመጣች፣ ስመኝም ልጆቹ የየራሳቸውን እንዲለዩ በእያንዳንዱ ላይ ሥዕል ሣለችበት፤ ዶሮ፣ ዓሣ፣ ቁልፍ። መጫወቻው ሁሉ ከጓዳ ወጣ። ልጆቹ ግን ወዲያው አልተመለሱልንም። ሰዓዳ እንኳ ከመናገሯ በፊት በሩን ታይ ነበር። ከሁሉ ያቃጠለኝ ይህ ነው። እንጨት በአንድ ቀን ይቀናል፣ የፈራ ልጅ ግን ቀስ በቀስ ነው የሚቀናው፤ ያንን ደግሞ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። ስለዚህ በየማለዳው ልጆቹ እያዩኝ ዱላዬን ከበሩ እሰቅላለሁ፣ ባዶ እጄን አሳያቸዋለሁ፣ እገባለሁ። ጾሙ ከተፈታ በኋላ ጫጫታው ተመለሰ። ራሴን እስኪያመኝ ጮኹብኝ፤ እኔም እግዚአብሔርን አመሰገንኩ።

ኢንስፔክተሯ በገበያ ቀን፣ ግቢው ሞልቶ ሳለ መጣች። ልጆቹ ጭቃ በጭቃ ናቸው፣ ስመኝ ቀሚሷ ላይ ውኃ ተደፍቶባታል፣ እኔ በአራት እግሬ በሬ ሆኜ እየታረሰብኝ ነው። ቀና ስል ሰዓዳ እንግዳዋን ከበሩ ላይ አቁማታለች። "ዱላ አይገባም!" ትላታለች። እንግዳዋ በእጇ የያዘችው ጃንጥላ መሆኑን ነገረቻት። ሰዓዳ አሰበችና በእሱ ሰው መምታት ይቻል እንደሆነ ጠየቀቻት። እንግዳዋም አሰበች፤ ይቻላል አለችና ተመልሳ ጃንጥላዋን ከኩላቡ ላይ ሰቀለች።

እሷ ከትንሹ አግዳሚ ላይ ቁጭ ብላ የሰዓዳን የጭቃ በሬ በመዳፏ ይዛ ሳለ አለቃ ከች አሉ። ከሰንበቴው ወዲህ ደጃችንን ረግጠው አያውቁም። ከዘራቸውን እንደያዙ ደፉ ላይ ሲደርሱ የልጅ ልጃቸው ሮጦ "አባባ፣ ከዘራው!" አላቸው። አለቃና እኔ ዓይን ለዓይን ተያየን፤ እኔ አንድ ቃል አልተናገርኩም፣ ላንቺ ስል። አለቃ ቆይተው፣ ቆይተው ዞሩና ከዘራቸውን ሰቀሉ። ያለ ከዘራ አንድ እግር እንደተራመዱ ተንገዳገዱ፤ ልጁም ትከሻውን ከእጃቸው ሥር አስገባላቸው። ማንም አላዘዘውም። ላንቺ ያደርጉት የነበረውን ነው ያደረገው። እኔ በሬ እንደሆንኩ መሬት ላይ አለቀስኩ፤ ልጆቹ ግን በሬው ደከመው ብለው ውኃ አመጡልኝ።

ፈቃዱ በግንቦት መጣ፤ ማኅተም ያለበት፣ ያንቺ ስም መሥራች ተብሎ የተጻፈበት። ከጃንሆይ ሥዕል አጠገብ በሠራሁለት ክፈፍ ሰቅለነዋል። ስመኝ በክረምቱ ለሥልጠና ወደ አዲስ አበባ ትሄዳለች፤ ስትመለስ መሪዋ እሷ ናት፣ እኔም ወደ መላጊያዬ እመለሳለሁ። ኢንስፔክተሯ ስትሰናበተን ስለ ዱላው ሕግ በምትሄድበት ቤት ሁሉ እንደምትናገር ነገረችን። አለቃ አሁን በየማለዳው ይመጣሉ። ከዘራቸውን ሰቅለው ለልጆቹ ተረት ያወራሉ፤ ቀድሞ ሕጉን ያወጡት እሳቸው ይመስላሉ። ተዪአቸው፣ ደስ ይበላቸው።

እንግዲህ መሐላዬን ፈጽሜአለሁ፤ ወደ አንቺ ለመምጣት የሚከለክለኝ የለም። ነገር ግን አትቸኩይብኝ፣ ገና አልመጣም። ስመኝ እስክትመለስ ቤቱን የምጠብቀው እኔ ነኝ፣ ከዚያም በኋላ ጣሪያው የሚያፈስ፣ አግዳሚው የሚሰበር አይጠፋም። የወይራ ዱላሽን ከኩላቡ አላወረድኩትም፣ በሕይወት እስካለሁም አላወርደውም። በየዓመቱ ቅባት እቀባዋለሁ፤ ስሄድም ለሚተካኝ አደራ እሰጣለሁ።

ባለፈው ገበያ ከይጁቤ አዲስ ልጅ መጣ። እናቱ ስትሄድ አልቅሶ፣ አልቅሶ ሲያበቃ በበሩ ብቅ ብሎ ዱላዎቹን ያይ ጀመር። ያንቺን በጣቱ እያሳየ የማን እንደሆነ ጠየቀ። እኔ ምን ብዬ እንደምመልስለት ሳስብ ሰዓዳ ቀደመችኝ።

"የእታለም ነው" አለችው። "ውስጥ ናት።"

ከዚያ እጁን ይዛ አስገባችው።